የእድር አግዳሚ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጎረቤላን ጉም ውጧት፣
ተሰብስበን ነበር በእድሩ ዕቃ ቤት።
አጀንዳው አንድ ነው፦ ድንኳኑ አርጅቷል፣
በስተምሥራቅ ጎኑ አይጥ በልቶታል።
እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ ጠረጴዛ የለኝ፣
መዝገቡን ከጉልበቴ አኑሬ፣ ብርዱ ጣቴን ሲቀማኝ።

ያኔ ጋሽ ወንድይራድ ከኋላ ተነሡ፣
ምርኩዛቸው ቀደመ፣ ቀስ ብለው ደረሱ።
ሰማንያ አንድ ዓመት፣ አናጢ የነበሩ፣
የተቀመጥንበትን አግዳሚ የሠሩ።
"አንድ ጥያቄ አለኝ" አሉ "ለሊቀ መንበሩ፦

ሠላሳ ሰባት ዓመት ከፍያለሁ ሳልቀር፣
በረዶ እህሌን ሲመታ፣ ልጄንም ስድር።
ስሞት ምን ታደርጉ?"
                    "እንዴ ጋሽዬ! እንቀብራለን።"
"በስንት ሰው?"
                    "በመቶ። በትከሻ እንሸከማለን።"
"ዳገቱንስ?"
                    "ዳገቱንም፣ እየተፈራረቅን።"

"እግዜር ይስጣችሁ። እኔ ግን ሐሙስ ዕለት
ለግፊት ክኒን ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ በዚያው ዳገት፣
መንገድ እኩሌታ ላይ ትንፋሼ ሲያጥረኝ
ከርጥብ ድንጋይ ተቀመጥሁ፤ ማንም አልሸከመኝ።
አልፋችሁኝ ሄዳችኋል 'እንዴት አደሩ?' ብላችሁ፤
'ደኅና ነኝ' አልኋችሁ፤ እኔም ዋሸኋችሁ።
ሬሳዬን በመቶ ትከሻ ከምታነሱ
ከነነፍሴ ሳለሁ አንድ ክንድ አውሱ።
የቀብሬን ሒሳብ ዘርዝራችሁ ስጡኝ፣
ሞቼ አልቆጥረውም፤ አሁን ሸርፉልኝ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ሳቁ ቀጠነ፤
ቀጥኖ ቀጥኖ እንደ ክር፣ ዝምታ ሆነ።

መዝገቤን አገላበጥሁ፤ አራት ዓምድ ነው ያለው፦
የሟች ስም፣ ቀን፣ የተከፈለ፣ ፊርማ። ሌላ ቦታ የለው።
ሕያው የሚጻፍበት መሥመር አላገኘሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሳላይ ኖርሁ።

እትዬ በለጥሻቸው፣ ዓይናቸው የደከመው፣
ከጥጉ ተናገሩ፣ ድምፅ ወዳለበት ዞረው፦
"ይህ ሁሉ አግዳሚ ሰው እስኪሞት ድረስ
ጨለማ ተቆልፎ ከሚበሰብስ
ወደ ዳገቱ ይውጣ፤ የደከመው ይረፍበት፤
እኔም በእጄ ዳስሼ ልቁጠርበት ርቀት።"

ገንዘብ ያዡ ጌጤነህ ግንባሩን ቋጠረ፦
"ዝናብ ቢበላውስ? ንብረት ነው የተቆጠረ!
ለቅሶ የመጣ ዕለት ሰው በምን ይቀመጥ?"
"እኔ በባጃጄ አመጣዋለሁ፣ ስሮጥ!"
አለ ከደጃፉ ኤርምያስ፣ ባጃጅ ነጂው፣
የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለው፣ ሁሌ የምገሥጸው።

ሰኞ ሦስቱን አወጣን። አንዱን ከኮሶው ዛፍ ሥር፣
አንዱን ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ አንዱን ከጤና ጣቢያው በር።
ተራም ደለደልን፦ ሐሙስ ማን ክንዱን ያውሳል፣
የእትዬ በለጥሻቸውን የመድኃኒት ወረቀት ማን ያነባል፣
በማለዳ ጭስ ካልታየ ከአንድ ቤት ጣሪያ ላይ
ማን ቀድሞ ያንኳኳል፣ ሳይል "ቆይ እስቲ ይታይ"።

ሁሉ አልሰመረም። አንዱ ሐሙስ ተረሳ፤ አንዱ ተረኛ ተኛ፤
ያ ሙግተኛው ጌጤነህ ግን ሆነ የየበሩ ዘበኛ።

ከዚያ ሐሙስ በጉሙ ውስጥ፣ ጋሽ ወንድይራድ አረፉ።
አትደንግጡ፣ ከአግዳሚው ነው፤ ከሟች ዓምድ እንዳትጽፉ!
ወዲያው ግን ዞር ብለው፦ "ይሄ እግሩ ይነቃነቃል፤
የማን ሥራ ነው ይሄ?"
                    "የርስዎ ነው፣ ጋሽዬ። ሌላ ማን ይሠራል?"
"እንግዲያው እርጅና እሱንም አግኝቶታል።"

በቀጣዩ ሐሙስ መዶሻ በጉያቸው ይዘው፣
ሚስማር በከንፈራቸው፣ በአንድ ጉልበት ተንበርክከው
መቱት። ላግዝ እጄን ብዘረጋ፣ "ተው፣
ክንድ አውሱኝ አልሁ እንጂ መች እጅ ጠየቅሁ ሰው!"

በመዝገቡ ላይ አምስተኛ ዓምድ አሰመርሁ፣
ርእሱን "ከነነፍሱ" አልሁት፤ የተሻለ ቃል አጣሁ።

ትናንት ከወፍጮ ቤት ስመለስ፣ ከዳገቱ እኩሌታ ላይ
ጉልበቴ ቋ አለ፣ ያው መዝገብ የማኖርበት፣ ማንም ሳያይ።
ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው። ግራ ቀኝ አየሁና፣
የጫማ ክር እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አልሁና
ተቀመጥሁ።

ጫማዬ ኮንጎ ነው። ክር የለውም።